የአዴ ብርቄ እግር ልክ

ኅዳር 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት

ሦስት ሶል ለጠፍኩ። አንድ ተረከዝ ቀየርኩ። የባንኩ ጥበቃ ጫማ ለአራተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ቆዳው አልቆ ስፌቱ ብቻ ነው የቀረው። ይህንኑ ብነግረው ሳቀና ጥሎት ሄደ። የማስቲሹ ሽታ ራሴን እያመመኝ ነው።

ደብተሬ፣ ዛሬ ሲ/ር ጫልቱ መጣች። በጉደር መንገድ ካለው ጤ/ጣቢያ ነርስ ናት፤ አምና ቦርሳዋን ሰፍቼላት ነው የተዋወቅነው። ሜትሬን ይዤ እንድሄድላት ትፈልጋለች። ዝሆኔ የያዛቸውን ሰዎች እግር ለክቼ ጫማ እንድሠራ። ቆዳ ከእነሱ፣ እጅ ከእኔ። ለምን እዚህ አይመጡም አልኳት። ባጃጅ አይጭናቸውም አለች። ሥራ አለብኝ አልኳት። የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እምቢ ለማለት የምትመች ሴት አይደለችም። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጣጠርን።

ለሰው የማልናገረውን ላንተ ልንገርህ፦ ፈርቻለሁ። በዘር የሚሄድ ነው ሲባል ነው ያደግሁት። እናቴ እንዲህ ያለ እግር መንገድ ላይ ካየች እጄን ጨብጣ ወደ ማዶ ታሻግረኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኛል፤ ዛሬም የጨበጠችኝ ይመስለኛል።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ሄድኩ። ተመለስኩ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሲ/ር ጫልቱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብላ ነግራኛለች። ቢሆንም ታጠብኩ። ይኸው ጻፍኩት፣ ልፈር።

አሥራ አንድ ሰዎች በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። በየፊታቸው ሳፋ። ሳፋው ውስጥ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና። እግራቸውን ነክረው ተቀምጠዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው እግር አይቻለሁ፤ ጠፍጣፋውን፣ ጠማማውን፣ ጠባብ ጫማ አውራ ጣቱን ያጎበጠውን። አምቦ ውስጥ ስሙን የማላውቀውን ሰው በእግሩ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ እግር ግን ለክቼ አላውቅም። ለምን? እዚያው ቆሜ ገባኝ። ጫማ የሌለው ሰው ጫማ ሰፊ ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል? ጫማ በማጣቱ ይታመማል፤ ከታመመ በኋላ ደግሞ የሚሆነው ጫማ በከተማው የለም። ይህን ሳስብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የለካሁት የአዴ ብርቄን ነው። ከጉደር በላይ ካለው ቀይ አፈር ተረተር የመጣች ገበሬ፣ የእኔ እኩያ። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች እንስራ ያህላል። ጣቶቿ እብጠቱ ውስጥ ሰጥመው ጥፍሮቻቸው ብቻ ይታያሉ። ወረቀት መሬት ላይ አነጠፍኩ። ረገጠችልኝ። ዙሪያውን በእስክሪብቶ ስስል ከወረቀቱ ወጣሁ። ሁለተኛ ወረቀት ቀጠልኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። አየችኝ።

"ኦቦ ጌታቸው፣ አይዞህ" አለችኝ። "አይናከስም።"

በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ረጋ።

ያልሳቀችው ሳፋ የምታመላልሰው ልጇ ብቻ ናት። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ወጣት። የእናቷን እግር በፎጣ ታደርቃለች፣ ቀና ብላ ሰው አታይም።

ሲ/ር ጫልቱ ከአፈሩ ነው ትላለች። ከቀይ አፈር። በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለው። አሥር ሃያ ዓመት በባዶ እግር ሲረግጡት በቆዳ ይገባል፤ ውስጥ ለውስጥ ፈሳሽ የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል፤ እግር ያብጣል። ምች አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። እኔም እዚሁ አፈር ላይ ነው ያደግሁት፣ ታዲያ እኔን ለምን አልያዘኝም ብዬ ተከራከርኳት። ወደ እግሬ ብቻ አየች። ትናንት ቀለም የቀባሁትን ቡናማ ጫማዬን።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

አንድ የግብርና ባለሙያ ጭቃ የበላው ቡትስ አመጣ። የደረቀውን አፈር በቢላ ፋቅሁ። እንደ ወትሮዬ በበሩ ልጥለው ስል ቆምኩ። መዳፌ ላይ አሸሁት። ጉድ ነው! ዱቄት። ከዱቄትም የላመ። የጣቴ መስመር ውስጥ ገብቶ በሳሙናም አልለቅ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን አፈር ከሰው ጫማ ላይ እያራገፍኩ ኖሬያለሁ። ጫማው ላይ የቀረው፣ እግሩ ውስጥ ያልገባው እኮ ነው። እኔ ደግሞ ጫማ ለማማር የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። ደንበኛው ሦስት ጊዜ ጠራኝ፤ አልሰማሁትም።

ሌላም አሰብኩ። እኛ ቤት ጨዋ ዘር ነን ይባላል። የአያቴ አባት ከተማዋ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን የመጣ ጸሐፊ ነበር። በዘራችን እንዲህ ያለ በሽታ የለም እያለች እናቴ ትኮራ ነበር። ለካ በዘራችን የነበረው ጫማ ነው። የሞተች እናት ላይ አይሳቅም፤ ግን ሳቄ መጣ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ለአዴ ብርቄ የሚሆን ፎርማ፣ ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር፣ ገበያ ላይ የለም። አናጢው ከዋንዛ እንጨት ጠረበልኝ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የሕፃን አልጋ መሰለኝ እያለ ቀለደብኝ። ይቀልድ።

ጫማው ጎኑ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በማሰሪያ ይጠበቃል። ውስጡ ለስላሳ የበግ ቆዳ፤ ስፌት ቁስል እንዳይነካ ክሩን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣሁት። ሶሉ ወፍራም ላስቲክ። እንደዚህ ተጠብቤ የሠራሁት ለራሴ ሠርግ ጊዜ ብቻ ነው። መንገደኛ እየቆመ ያያል። ለማን ነው ይሉኛል። ለወይዘሮ ነው እላለሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ የገና ዕለት፣ 9 ሰዓት

ዳዊት ለበዓሉ ከጉደር መጣ። ልጃችን ነው፤ አንድ ለእናቱ። እዚያ ሒሳብ ያስተምራል። ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ይቁነጠነጣል። ባለቤቴ ውቤ ምን ሆነሃል አለችው። ልጅ ወዷል። ሊያገባ ነው። እዚያው ት/ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ ለሊሴ ትባላለች። ውቤ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን።

ሰማያዊ ሻሽ።

ደብተሬ፣ ስልኩን ተቀብዬ ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። ያቺው ናት። ሳፋ የምታመላልሰው። የአዴ ብርቄ ልጅ።

ውቤ የማን ልጅ ናት ትላለች። አባቷ ገበሬ ነው አላት። እናቷስ? ያማታል አለ ዳዊት፣ ቶሎ ብሎ። ምኗን? ያማታል በቃ። ውቤ ሰው ልካ ልታጠያይቅ ነው። ደንቡ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አጥንት ይቆጠራል። እኔንም የውቤ ቤተሰቦች እስከ ሰባት ቤት አጠያይቀውኛል። የማውቀውን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ውሃ አቀብዪኝ ብዬ ዘጋሁት።

ጥር 3፣ ዓርብ

ጫማው ደርሷል፤ የቀረኝ ማሰሪያው ብቻ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ለልጄ አማት ነው የምሰፋው። ዓይኔ ላይ አንድ ነገር ይመጣብኛል፦ ገና ያልተወለደ ልጅ እግር። ትንሽዬ እግር፤ ከዚያ ማበጥ ይጀምራል። አባርረዋለሁ፣ ይመለሳል። ከአፈሩ ነው እኮ እላለሁ ለራሴ። ራሴ ይሰማል፣ ሆዴ አይሰማም። ለበረንዳው ሰዎች አዛኝ ነኝ፤ ነገሩ ቤቴ ሲገባ ከእናቴ የባስኩ ፈሪ።

ለሲ/ር ጫልቱ ደወልኩ። የማን ጉዳይ እንደሆነ ሳልነግራት ጠየቅኋት፦ በዘር ፈጽሞ አይሄድም? ክፋቷ አለመዋሸቷ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ቆዳው ለአፈሩ ቶሎ የሚሸነፍ ይሆናል አለች። ከሕፃንነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ግን አይያዝም። አይያዝም? አይያዝም። ሁለቱንም ሰማሁ። ይዤ የዋልኩት የመጀመሪያውን ነው።

ጥር 7፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

ምን ብዬ ልጀምር?

የአሥራ አንዱንም ሰዎች ጫማ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። የአዴ ብርቄን በሁለት እጄ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ደረቴን ነፍቻለሁ። ቀኝ እግሯን አስገባች። ገባ። ገብቶም አልቀረ፣ ውስጡ ይዋኛል። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ጠረቅሁት። አሁንም ይዋኛል። አንድ እርምጃ ስትራመድ እግሯ ሄደ፣ ጫማው ቀረ።

ፊቴ ጋለ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው! ወረቀቴን አወጣሁ። ልኩ ትክክል ነው። ሜትሬን አየሁ፤ ሜትሬም ደህና ነው። ቆዳው ነው፣ ፎርማው ነው፣ አናጢው ነው እያልኩ ስቀባጥር ሲ/ር ጫልቱ በሳቅ ወደቀች። እግሯን ለካው አለችኝ።

ለካሁት። ዙሪያው አራት ጣት ጎድሏል።

ደግሜ ለካሁት። አራት ጣት። ጥፍር ብቻ የነበረው አምስት ጣት ሆኖ ይታያል። ቁርጭምጭሚቷ ወጥቷል። ምን አደረጋችኋት አልኩ። ምንም። ውሃ። ሳሙና። ጣት ለጣት መሐል ማድረቅ። ቫዝሊን። በፋሻ መጠቅለል። ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ። በየቀኑ፣ ሳያሰልሱ፣ ሰባት ሳምንት። መርፌ የለም፣ ከውጭ የመጣ መድኃኒት የለም። ይኸው ነው? ይኸው ነው።

የቱ እንዳስደነቀኝ አላውቅም፤ ሳሙና ይህን ማድረጉ፣ ወይስ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሳሙና የሚነግራት ሰው መጥፋቱ። ውሃውን የምትቀዳው ወንዝ ወርዳ ነው፣ በዚያው እግር። ለመጠጥ የቀዳሁትን እግሬ ላይ ማፍሰስ ያሳፍረኝ ነበር ትላለች። የተሟላ ቤት ያለው ሰው ከመተኛቱ በፊት ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ለእሷ ቅንጦት ነበር። እኔ ቧንቧ ከፍቼ ረስቼ ስንቴ ሄጃለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የለካሁት እብጠቱን ነው፤ ትድናለች ብዬ አላሰብኩም። አሥራ አንዱም ይድናሉ ብዬ አላሰብኩም፤ ለአራቱ ብቻ ልክ ሆነ። አዲስ ጥንድ በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ አልኳት። አዴ ብርቄ ሰፊውን ጫማ እያገላበጠች ይህ ሁሉ እግር የኔ ነበር እንዴ ብላ አማተበች።

ስወጣ ለሊሴ እስከ በሩ ተከተለችኝ። ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ትልቋ እህቷ ስትዳር እናታቸው ጠበል ሄዳለች ተብሎ ለእንግዳ ተነገረ። ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ጎተራ ውስጥ ነው የዋለችው። የልጇን ሠርግ ዘፈን በጭቃው ግድግዳ በኩል ሰማች። አሁንም የዳዊት ሽማግሌዎች ሲመጡ እደበቃለሁ ብላለች፤ ዘር ያበላሻል ብለው ልጄን እንዳይተዉብኝ። ለሊሴ እናቴ የምትደበቅበት ጋብቻ አልፈልግም ትላለች። ምንም አልጠየቀችኝም። እንዳውቀው ብቻ። ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል በሁለት እጄ ያዝኳት። መንገዱን እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም።

ጥር 12፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ጥምቀት አለፈ፤ ሚካኤል ገባ። ከተማው ነጭ በነጭ። ውቤ ከታቦት ሽኝት ነጠላዋን ሳታወልቅ ገባችና በሩን ዘጋች። የላከቻት ሴት እዚያው ሰልፉ መሐል አግኝታ ነግራታለች። አባትየው ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ክፉ የማይወጣው። ልጅቷ ጨዋ። እናቲቱ ግን ዝሆኔ አለባት፣ ይደብቋታል።

አለቀ አለች ውቤ። ይህ ነገር አለቀ።

ከገና ጀምሮ አውቄያለሁ አልኳት። እግሯን የለካሁትም እኔ ነኝ።

ደብተሬ፣ ያን ጊዜ የሆነውን አልጽፈውም። ለዘሬ በሽታ ልታስገባ ነበር ወይ አለችኝ፤ ይኸው ይበቃል። ስለ አፈሩ ነገርኳት። የነርስ ወሬ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ ልጅ አይዳርበትም አለች። ሰው እንዳይፈርድባት እዚህ ላስቀምጠው፦ ከዳዊት በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን፤ በስምንት ወሯ ቀበርናት። ውቤ ስለ ልጅ ስትፈራ ሌላ ሰው ናት።

ጥር 16፣ ሐሙስ

አራተኛ ቀን። ምሳ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ዛሬ ጨው የለውም። እንዲያው በላሁት።

ዳዊት ደወለ። ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል፤ ለሊሴ ገና ስትወደው ነው የነገረችው። እናቱን ፈርቶ ነው የደበቀው። ሽማግሌ ባትልኩም ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እፈርማለሁ አለ። ውቤ ከጓዳ ሰማች። አለቀሰች።

እኔ ሁለተኛውን ጥንድ እሰፋለሁ። አሁን መደበኛው ትልቁ ፎርማ፣ ትንሽ ቆዳ ተለብጦበት፣ በቃ። ፎርማ አለኝ! ገበያ የሚሸጠው ፎርማ! ይህን የምነግረው ሰው አጥቼ ከጓዳው በር ላይ ሆኜ ለውቤ ጀርባ ነገርኩት። ማክሰኞ ላደርስ ነው፣ ነይ አልኳት። ድስት መፈተግ ቀጠለች።

ጥር 21፣ ማክሰኞ፣ 12 ሰዓት

ደብተሬ፣ ስለ ውቤ ነው የምጽፍልህ።

መጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ተረከዛም ጫማዋን አድርጋ፣ ልደት የተጠራች መስላ። በረንዳው ላይ ከሁሉም ርቃ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ። ማን እንደሆነች ለማንም አልነገርኩም። ለሊሴ ዛሬ ፈረቃዋ ስለነበረ ት/ቤት ናት፤ አልነበረችም።

አዴ ብርቄ ዛሬ ታናሽ እህቷን ይዛ መጥታለች። አምቦ ሱቅ ያላት፣ አዲሱን ጫማ ልታይ የመጣች። ሲ/ር ጫልቱ እህትየዋን እስኪ ጫማሽን አውልቂ አለቻት። ሁለቱን እህትማማቾች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አራት እግር።

ሁለተኛው ጣት ከአውራ ጣት የሚረዝም፣ የሁለቱም። የትንሿ ጣት ጥፍር ወደ ውጭ የዞረ፣ የሁለቱም። እኔ እግር አውቃለሁ፤ አንድ አባት፣ አንድ እናት። የአንዷ ቆዳ ለስላሳ፣ ደም ሥሩ ይታያል። የሌላዋ ዛሬም ያበጠ፣ የሻከረ፣ ሃያ ዓመት የተሸከመችው። በረንዳው በሙሉ አንገቱን አሰገገ።

ውቤ ከወንበሯ ተነሳች። ቀረበች። መሐረቡ ከአፍንጫዋ ወርዷል፤ የምታውቅም አልመሰለኝም። እህትየዋን ጠየቀቻት፣ የመጀመሪያ ጫማሽን መቼ አደረግሽ? በአሥራ ሁለት ዓመቴ አለች። አምቦ አስተማሪ ቤት ልጅ እንድትይዝ ስትላክ ሸራ ጫማ ገዙላት፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እግሯን ሄዳ አታውቅም። አዴ ብርቄ ትልቅ ስለሆነች ለአረምና ለአጨዳ ተፈልጋ ቀረች። ውቤ ወደ አዴ ብርቄ ዞረች። አንቺስ?

አዴ ብርቄ በአገጯ የያዝኩትን ጫማ አሳየች። ዛሬ።

የውቤ ዓይን ከአራቱ እግር አልነቀል አለ። እኔም ደብተሬ፣ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አዲስ ሆነብኝ። አንድ ሸራ ጫማ! የተላከችው ትልቋ ብትሆን ኖሮ?

አዴ ብርቄ እግሯን ከሳፋው አውጥታ በፎጣ ማድረቅ ጀመረች። ውቤን ታውቃታለህ፤ ቤታችን ውስጥ ማንም ዕቃ አጥቦ አስደስቷት አያውቅም። ቆማ አየች፣ አየች፣ አልቻለችም። የመጨረሻዎቹ ጣቶች መሐል ውሃ አለ አለች። አዴ ብርቄ ደገመችው። እንዲህ አይደረቅም አለች ውቤ። ነጠላዋን ወደ ኋላ አጣፋች፣ በክት ቀሚሷ ቁጢጥ አለች፣ ፎጣውን ከእጇ ወሰደች። አንድ በአንድ። የፎጣውን ጫፍ እየጠቀለለች በየጣቱ መሐል፣ ዳዊትን ሕፃን ሆኖ ጆሮውን እንደምታደርቀው።

አዴ ብርቄ ግራ ገባት። የምትጎበኝ ባለሥልጣን ሳትመስላት አልቀረም። ከየት ቢሮ ነሽ እሜቴ አለቻት።

"ከቢሮ አይደለሁም" አለች ውቤ፣ ቀና ሳትል። "የዳዊት እናት ነኝ።"

አዴ ብርቄ እግሯን ሳበች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ውቤ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች፣ አለቀቀችም።

"ቆይ፣ ገና አልደረቀም" አለቻት።

እዚህ ላይ ወደ ግቢው ወጥቼ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው በሰው ፊት አያለቅስም። ስመለስ ፋሻው ታስሯል፣ ካልሲው ገብቷል። ጫማውን አቀረብኩ። ልክ! ተነሳች። እስከ ግቢው በር ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደ ሕፃን መሬቱን መታ መታ አደረገችው። ገለቶማ፣ ዋቃዮ ይስጥልኝ አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ማሰሪያዋን አጠበቅሁ።

በባጃጅ ስንመለስ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስን። ውቤ ውጭ ውጭውን እያየች፦

"ለልጅ ልጅህ ጫማ መስፋት ያቅትሃል?"

አያቅተኝም አልኳት።

"ታዲያ ምን አስፈራህ?" አለችኝ። ብቻዬን የፈራሁ ይመስል!

የካቲት 9፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

ነገ ሽማግሌ ይሄዳል። ሦስት ሰው፦ ቄሱ፣ የውቤ አጎት፣ ጎረቤታችን ኦቦ ለማ። ኦቦ ለማ ጡረታ የወጡ ር/መምህር ናቸው፤ አንደበታቸው የታረመ፣ ጉልበታቸው ግን የታመመ።

ዳዊት ጠዋት ደወለ። አዴ ብርቄ ነገም አልወጣም ብላለች። ጫማው አለ፣ እብጠቱ ቀንሷል፣ ውቤንም አይታለች። ቢሆንም የአገር ሰው ፊት ወጥቼ ልጄን አላሳፍርም ትላለች። ጎረቤት ጋ ተነጋግራ ጨርሳለች። ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ ተውኩት። ሃያ ዓመት መደበቅን ሳሙና በሁለት ወር አያጥበውም።

ውቤ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማች። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሽማግሌ ሴት ልጅ ሊለምን ሲሄድ ይቆማል አለች። ግቡ ተቀመጡ ይባላል፤ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። ደንብ ነው። እኔ ሳገባት እንኳ አባቷ ሽማግሌዎቼን ግማሽ ቀን አስቁሟቸዋል። እንግዲያው ነገም ይቁሙ አለች፤ የልጅቱ እናት ወጥታ ከአባቷ ጎን ሳትቀመጥ እንዳይቀመጡ። ስለ ልጅቱም ቃል እንዳይተነፍሱ። ጠበል ሄዳለች ከተባሉ እስክትመለስ እንጠብቃለን ይበሉ።

ሦስቱንም ጠርተን ነገርናቸው። ምክንያቱንም፣ ሁሉንም፣ አንድም ሳንደብቅ። የውቤ አጎት ጢሙን አሻሸ። ቄሱ ባረኩን። ኦቦ ለማ ስንት ቤት ሽማግሌ ሄጃለሁ፣ እንዲህ ያለ መልእክት ተሸክሜ አላውቅም አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው፦ ይቆማል!

የካቲት 10፣ እሑድ

3፡30። ሄዱ። ጋቢያቸውን አስተካክላ የሸኘቻቸው ውቤ ናት። ዳዊት ሳሎን ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል።

4፡45። አሁን ደርሰዋል። መደወል ነበረባቸው።

5፡10። የውቤ አጎት ደወለ። በሹክሹክታ። ቆመዋል። አባትየው ግቡ ተቀመጡ ቢል፣ ቢለምን፣ እምቢ ብለዋል። እናቲቱን ሲጠይቁ ጠበል ተባሉ። እንጠብቃለን አሉ። አባትየው አንገቱን ደፋ። ለሊሴ በጓሮ ወጥታለች። ስልኩ ተዘጋ።

5፡40። ምንም። ውቤ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ሽማግሌ ሰው በሕመሙ ላይ አስቆምኩ፣ ምን ነክቶኝ ነው ትላለች። ባትወጣስ? ባትወጣ ነገሩ በእኛ ግትርነት ሊበላሽ ነው። ልደውልና ተቀመጡ ልበላቸው? ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። እኔም እኮ መደወል እፈልጋለሁ። ግን ጎተራ ውስጥ ጨለማ ላይ የተቀመጠች ሴት በሐሳቤ አየሁ፣ ሦስት ሽማግሌ ለእሷ ብለው ውጭ እንደቆሙ ልጇ ስትነግራት። ለእሷ ማን ቆሞ ያውቃል? በቤተ ዘመድ፣ በመንደር፣ በየትኛው በር ላይ?

6 ሰዓት። ዳዊት መሄድ አለብኝ ብሎ ተነሳ። አስቀመጥነው።

6፡20። ስልክ። ኦቦ ለማ። ሦስታችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፋን። ከወዲያ በኩል ብዙ ሰው ያወራል፣ አንዲት ሴት እልል ትላለች። ኦቦ ለማ ከጫጫታው በላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ተቀምጠናል" አሉ።